«ጂፒኤስ አስገጠምኩ፣ ሹፌሮቼ ሸሹኝ»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። 33 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሲታመም የደረቅ ጭነት ሥራውን ተረከብኩ። ዘጠኝ ባለ ተሳቢ መኪኖች አሉን። አብዛኛው ሥራችን ከጅቡቲ ዕቃ ማምጣት ነው።

እኔ የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ሥራውን ስረከብ ሁሉም ነገር በደብተርና በስልክ ነበር። ስለዚህ በሁሉም መኪና ላይ ጂፒኤስና የናፍጣ መለኪያ ሴንሰር አስገጠምኩ። ሹፌሮቹ ሰነድና የጉዞ ሪፖርት የሚልኩበት አፕም አሠራሁ። ብዙ ብር ወጥቶበታል፤ ከፊሉ ብድር ነው።

አሁን ግን ነገሩ ተበላሸብኝ። ሦስት ሹፌሮች ለቀቁ። የቀሩት አፑን አይነኩትም። አንዱ የጂፒኤሱን ሽቦ ቆርጦ «ራሱ ተበጠሰ» አለኝ። ከሁሉም የከበደኝ ግን የጋሼ ነገር ነው። ጋሼ ከአባቴ ጋር 21 ዓመት ሠርተዋል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ያደርሱኝ ነበር። ግንቦት ላይ አንድ ሌሊት ሰመራ አደሩ። ጠዋት ስክሪኑን ስከፍት መኪናው በቆመበት 28 ሊትር ናፍጣ ጎድሏል። ደወልኩና በስፒከር፣ ቢሮ ውስጥ ሰው እየሰማ፣ «ናፍጣው የት ገባ?» አልኩ። «ልጄ፣ እኔን ነው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። በወሩ መጨረሻ ዋጋውን ከደመወዛቸው ላይ ቆረጥኩ። በማግስቱ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥተው ሄዱ።

ወንድሜ «አዳዲስ ልጆች ቅጠሪ» ይለኛል። እናቴ «ማሽኑን ነቅለሽ ጣይው» ትላለች። ሴት ስለሆንኩ ይሆን የናቁኝ? ማሽኑን ልተወው ወይስ ሹፌሮቹን ልቀይር?»

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ወደ ጽሑፍ ከመምጣቴ በፊት እዚሁ አዳማ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ስምሪት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጠዋት ሹፌር የማሰማራ፣ ማታ «የት ደረስክ?» እያልኩ የምደውል ሴት ነበርኩ። ስለዚህ የጻፍሽው ነገር አንጀቴ ውስጥ ገብቷል።

ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሰው አያያዝ ከማውራታችን በፊት 28 ሊትሩን እናንሳ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በግንቦት ሰመራ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊቱም አያስተኛም። ጋቢና ውስጥ የሚያድር ሹፌር ምን ያደርጋል? ኤሲው እንዲሠራለት ሞተሩን አያጠፋም። ሚኒሞ ላይ ትቶት ይተኛል። የከባድ መኪና ሞተር እንዲህ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ሰባት ሰዓት በ3 ሊትር አስቢው፤ 21 ሊትር ነው።

ሌላም አለ። ናፍጣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በየአንድ ዲግሪው ከ1,000 ሊትር ላይ 0.8 ሊትር ያህል ማለት ነው። ቀን በፀሐይና ከሞተሩ በሚመለስ ትኩስ ናፍጣ የጋለ 400 ሊትር ሌሊቱን 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ማንም ሳይነካው ከ6 ሊትር በላይ የጎደለ ይመስላል። ድምሩን አንቺው ሥሪው። መኪናው ትንሽ አዘንብሎ ቆሞ ከነበረ ደግሞ ሴንሰሩ የሚያነበው ራሱ ይዛባል።

ጋሼ አልወሰዱም ብዬ ልምልልሽ አልችልም፤ እዚያ አልነበርኩም። አንቺም ግን አልነበርሽም። ማወቅ ከፈለግሽ ጊዜው አላለፈም። ሲስተሙ ውስጥ ግቢና የዚያን ሌሊት የናፍጣውን መጠን የሚያሳየውን የግራፍ መስመር አውጪው። ናፍጣ በቱቦ ሲሳብ መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይወድቃል። ሞተር ሲሠራ ሲያድር ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሞተሩ በርቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበርም አብዛኞቹ መሣሪያዎች ይመዘግባሉ። አንቺ የኮምፒውተር ልጅ ነሽ፤ ይሄ አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም።

ያን ጠዋት ከአሥሩ ደቂቃ በፊት የተፈለገው ግን አንድ ጥያቄ ነበር። «ጋሼ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ብትያቸው ኖሮ ሙቀቱን ራሳቸው ይነግሩሽ ነበር። አንቺ «ጋሼ» ብለሽ እንኳ አልጀመርሽም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ።

እኔ ስሠራ ጂፒኤስ አልነበረንም። ስልክ ነበረኝ። በየሁለት ሰዓቱ እደውላለሁ። ካላነሱ ተኝተዋል፣ ካነሱ ዋሽተዋል ብዬ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ አለቃዬ አስፈቅዶኝ ከአንድ አንጋፋ ሹፌር ጋር እስከ ሚሌ ሄድኩ። ያን ጉዞ አልረሳውም። ሰውየው በቆመ ቁጥር ዱላ ይዞ ወርዶ እያንዳንዱን ጎማ ይመታል። ዝም ብሎ አይመታም፤ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ከኋላ ካሉት ጎማዎች አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ መታው። «ይሄ ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ድምፅ የለውም» አለኝ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ። ጎሚስታ ጋ ስንደርስ ጎማው ውስጥ ሚስማር ተገኘ። በእኔ ደብተር ላይ ግን ያ ጉዞ የሚጻፈው «ያለ ምክንያት ቆመ፣ 50 ደቂቃ» ተብሎ ነው።

ስንመለስ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ቁልቁለት ላይ ስትደውዪ መሪውን ልያዝ ወይስ ስልክ ላንሳ?» መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ከሹፌሮቹ ጋር ተቀምጠን የሚደወልባቸውን ቦታዎች ራሳቸው መረጡ። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። እዚያ ሲደርሱ ቆመው እነሱ ይደውላሉ። እኔ አልደውልም። ምንም ዕቃ አልተገዛም። ከእኔ ጋር የነበረው ጭቅጭቅ ግን በአንድ ወር ውስጥ ቀነሰ።

እህቴ፣ አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማሽኑን አትተዪው። ሹፌሮቹንም አትቀይሪ። ማሽኑ ለአንቺ ዓይን ሆኖልሻል። ለእነሱስ ምን ሰጣቸው? እስካሁን ያገኙት ጥርጣሬ፣ የደመወዝ ቆረጣና ተጨማሪ ሥራ ብቻ ነው። አንድ አዲስ ነገር ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ካልጠቀመ፣ ያ ሰው ሽቦውን ይቆርጠዋል። ሽቦ መቁረጡ ትክክል አይደለም። ለምን እንደተቆረጠ ግን ይገባኛል።

ከሩቅ አገር አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጄኔራል ሞተርስ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን የመኪና መገጣጠሚያ ዘጋው። ሠራተኞቹ ስማቸው የጠፋ ነበር፤ በአንዳንድ ቀን ከአምስቱ አንዱ ከሥራ ይቀር ነበር። በ1984 ያው ፋብሪካ በቶዮታና በጄኔራል ሞተርስ ሽርክና ተከፈተ። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የድሮ ሠራተኞች ናቸው። አያያዙ ግን ሌላ ሆነ። ችግር ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን ማስቆም ይችላል። አለቃው ሲመጣ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ምን ላግዝህ?» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው በጥራት ከጄኔራል ሞተርስ ምርጦች አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን ጄኔራል ሞተርስ በሌሎች ፋብሪካዎቹ ለሮቦት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሶ የጠበቀውን አላገኘም።

እኛም አገር ካይዘን ካይዘን ሲባል፣ ያ ሥራን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ሲወራ፣ ዓመታት አልፈዋል። ብዙ ድርጅት ገብቼ ያየሁት ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳና በመስመር የተደረደረ ዕቃ ነው። የካይዘን መሠረቱ ሥራውን የሚሠራው ሰው ስለ ሥራው ያውቃል ብሎ ማመን ነው። ያ እምነት ከሌለ ሰሌዳው ባዶ ጣውላ ነው።

ሹፌሮችሽ የሚያውቁትን አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበዛ መኪናው ብዙ ጊዜ ባዶውን ወርዶ ሞልቶ ይመለሳል። ስለዚህ መሄጃው ቁልቁለትና ባዶ ነው፣ መመለሻው ዳገትና ጭነት ነው። ሲስተምሽ ለሁለቱም አንድ የናፍጣ መጠን ይዞ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሹፌር ሲመለስ ሌባ መስሎ ይታይሻል። ሲሄድ ደግሞ ቆጣቢ ይመስላል። ይህን ለማወቅ አፕ አያስፈልግም። አንድ ሹፌር መጠየቅ ይበቃል።

እንግዲህ መኪኖቹ ግቢ የሚገቡበትን ቀን ጠብቂ። ስብሰባውን ቢሮ ውስጥ አታድርጊው። ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ሻይ አስመጪ። ረዳቶቹም ይኑሩ፤ ብዙ ነገር የሚያዩት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያ «የጋሼን ነገር ሳልጠይቅ ፈረድኩ፣ አጥፍቻለሁ» በያቸው። ስፒከር ላይ የተባለ ነገር ሰው ፊት ነው መመለስ ያለበት። ከዚያ ስክሪኑን አዙሪላቸው። እስካሁን አንቺ ብቻ ያየሽውን እነሱም ይዩት። እያንዳንዱ የራሱን ጉዞ ይይ። «ይሄ ልክ ነው? እዚህ ጋ ለምን ቆምክ?» እያልሽ ተማሪ። ኔትዎርክ የሌለበት ቦታ መኪናው ካርታው ላይ ደርቆ እንደሚቀርና በኋላ ዘሎ እንደሚሄድ አስረጃቸው። ስንቱ ሹፌር «ቆመሃል» ተብሎ እየነዳ ተሰድቦ ይሆን?

የናፍጣውን መጠን ከእነሱ ጋር አውጡ። ለመሄጃ ለብቻው፣ ለመመለሻ ለብቻው፣ ለሙቀት ወራት ሌሊት ደግሞ ሌላ። የሰመራና የሎጊያ አዳር ናፍጣ በግልጽ የተፈቀደ ይሁን። በዚያ ሙቀት ሳይተኛ ያደረ ሰው ጠዋት 40 ቶን ይዞ ሲነዳ ስታስቢው፣ 20 ሊትር ናፍጣ ምንም አይደለም። ወይም ደግሞ የአልጋ አበሉን ጨምሪና መኝታ ይያዝ፤ ሒሳቡን ሠርተሽ የሚያዋጣውን ከእነሱ ጋር ምረጪ። ለሁለት ሦስት ወር ማንም ሳይቀጣ ዝም ብሎ ይመዘገብ። ከዚያ በኋላ ከተስማማችሁበት በታች ለተጠቀመ ከዳነው ናፍጣ ላይ ድርሻ ስጪው። ግማሽ ብትሰጪ ይበዛል አትበዪ፤ ያለዚያ የሚጠፋ ገንዘብ ነው። ብቻ አደራ፣ ቶሎ ለደረሰ ብር እንዳትሰጪ። ፍጥነትን በብር የገዛ ባለንብረት መጨረሻው ገደል ላይ መኪና መፈለግ ነው።

ማሽኑ ለእነሱ የሚከላከልበት መንገድም አለ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ ይሄኛው ነው። ደንበኛ መኪናሽን ሳያራግፍ ሦስት ቀን ሲያቆመው ሹፌሩ መጋዘን በር ላይ ይጉላላል። አበሉ ያልቃል። አንቺም ትከስሪያለሽ። እስካሁን ማስረጃ አልነበረሽም። አሁን መቼ ደረሰ፣ መቼ ተራገፈ፣ በደቂቃ አለሽ። ውል ስትዋዋዪ የመቆያ ክፍያ አስገቢ፤ ስትቀበዪም ለሹፌሩ ድርሻውን ስጪው። አደጋ ሲደርስም ሹፌሩ በስንት ፍጥነት እየነዳ እንደነበር መዝገቡ ይናገራል። በዚህ አንድ ሹፌር ከእስር ሲተርፍ ሌሎቹ ሽቦውን ራሳቸው ይጠብቁልሻል።

አፑን ለጊዜው ተዪው። በየትኛው ቋንቋ እንደተሠራ አልነገርሽኝም፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሹፌሮቹ አይደለም። 55 ዓመት የሞላው ሰው መነጽር አጥልቆ በፀሐይ ትንንሽ ፊደል እንዲያነብ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የማስረከቢያ ሰነዱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልሽ፤ ይህንን አብዛኞቹ ያውቁበታል። ወደ ሲስተሙ የሚያስገባ አንድ ሰው ቢሮ ይኑርሽ። የኢንተርኔት ጥቅሉንም ድርጅቱ ይሙላ። በራሳቸው ብር ጥቅል ገዝተው ለአንቺ ሪፖርት እንዲልኩ ስትጠይቂያቸው ምን እንደሚሉሽ አስቢው።

ከዚህ ጋር ሁለት የሕግ ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የጋሼ ገንዘብ መመለስ አለበት። ሁለተኛ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ምን እንደምትመዘግቢ፣ ለምን እንደሆነና ማን እንደሚያየው ለሹፌሮቹ በጽሑፍ ንገሪያቸው። ሹፌር በዕረፍት ቀኑ የት እንደዋለ ማየት የአንቺ ሥራ አይደለም።

ወንድምሽ «ሹፌር ቀይሪ» ማለቱ ከንዴት ነው። አዲስ ልጅ ስትቀጥሪ የጎማ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ አብሮ አይመጣም። አዋጁ ራሱ አንድ ሠራተኛ በችሎታ ማነስ ከመሰናበቱ በፊት ሥልጠና ተሰጥቶት እንደሆነ ይጠይቃል። አንቺ ለሹፌሮቹ ስንት ሰዓት ሥልጠና ሰጠሽ? እውነተኛ ሌባ ካለ ደግሞ አለ፤ ናፍጣ የሚሸጥ ሹፌር የለም ብዬ አላታልልሽም። መስመሩ በደቂቃ ውስጥ ቁልቁል ሲወድቅ፣ ጠይቀሽው መልስ ሲያጣ፣ ያኔ በሕጉ መሠረት አሰናብቺው። ሌሎቹም አያዝኑብሽም። ሽቦ የቆረጠውን ግን አንድ ዕድል ስጪው። ለብቻው አስቀምጠሽ «ምን አስፈርቶህ ነው?» በይው።

እናትሽ «ነቅለሽ ጣይው» ያሉት ሰው አዝኖባችሁ ስላዩ ነው። ማሽኑ አይደለም ያስከፋቸው።

ሴት ስለሆንኩ ይሆን ላልሽው፣ የለም ብዬ አልዋሽሽም። በዚህ ሥራ ሴት ስታዝ ፊቱን የሚያዞር ወንድ አለ፤ እኔም አይቻለሁ። ጋሼ ግን «ሴት ልታዘኝ?» አላሉሽም። «ልጄ፣ እኔን ነው?» ነው ያሉሽ። ያ የንቀት ቃል አይደለም። ያሳደጋት ልጅ ስትጠረጥረው የሰው ልብ እንዲህ ነው የሚሰበረው።

ስለዚህ ከላይ ያልኩሽን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ቤታቸው ሂጂ። በስልክ አይሆንም። ሰው መላክም አይሆንም። ከእናትሽ ጋር ሂጂ፤ አባትሽ መንቀሳቀስ ከቻሉ እሳቸውም ይምጡ። የተቆረጠውን ብር በፖስታ ያዢ። የዚያን ሌሊት መስመር ወረቀት ላይ አትመሽ ያዢ፣ ግን እሳቸው ካልጠየቁ አታውጪው። መስመሩ እውነት ቢያወጣቸው ይቅርታሽን በወረቀት አታስይዢው፤ ይቅርታው ስላልጠየቅሻቸው ነው። ወደ ሥራ ተመለሱ ብለሽም በመጀመሪያው ቀን አታጨናንቂያቸው። ሌላ ቀን፣ ቂማቸው ሲበርድ፣ አዳዲሶቹን ሹፌሮች መንገድ የሚያሳይ ሰው እንደሚያስፈልግሽ ንገሪያቸው። እሺ ካሉሽና መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አንድ ጉዞ ከእሳቸው ጋር እስከ ሰመራ ሂጂ። ሌሊቱን አንቺ ሆቴል ታድሪያለሽ፤ ግን ወደ መኝታሽ ከመሄድሽ በፊት ጋቢናው ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ።

እምቢ ሊሉሽም ይችላሉ። ያኔ የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውን 21 ዓመቱን በሙሉ ጽፈሽ፣ ራስሽ ፈርመሽ ስጪያቸው።

ባለቤታቸው ቡና ማፍላታቸው አይቀርም። እንዳትቸኩዪ። በረካው ሳይጠጣ አትነሺ።